ሁለት ድስት በጨፌ ቡሬ

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ዳባን ያገኙት ከአዲሱ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የምረቃውን ሪባን ቁራጭ በእጁ እንደጨበጠ ነው። ሶረቲ የምትባለው ዕቃ አጣቢ ደግሞ ከማሽኑ ጀርባ፣ ባጠበቻቸው ጣሳዎች መካከል ወድቃ ተገኘች። ሁለቱም አረፋ ደፍቀው ነበር። ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ሰዎች እያስመለሱና እየተንቀጠቀጡ በቡና መኪና ተጭነው አጋሮ ለሕክምና ተወሰዱ። ይህ የሆነው በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ ነው።

እኔ አርብ ጠዋት ከጅማ ተልኬ ጨፌ ቡሬ ስደርስ ወንጀሉ ተጣርቶ አልቆ ጠበቀኝ። ቢያንስ የአካባቢው ካድሬ ጓድ አብተው ያለኝ እንደዚያ ነው።

“መቶ አለቃ ከፈለ፣ ብዙ አትድከም፤” አለኝ ገና ከመኪና ሳልወርድ። “ገዳይዋ ተይዛለች። አንተ ወረቀቱን ታስተካክላለህ፤ ሰኞ ጠዋት ከጅማ መጥተው ይወስዷታል።”

“እነማን ናቸው የሚወስዷት?”

እንደ ሞኝ አየኝ። እነማን እንደሆኑማ አውቃለሁ። እነሱ የወሰዱት ሰው ልብሱ እንኳ ተመልሶ አይመጣም።

ተጠርጣሪዋ ሐጂራ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሃምሳ አምስት ዓመት የቡና ገበሬ ናቸው። ሊቀመንበር ዳባ አንድ ልጃቸውን ለብሔራዊ ውትድርና መዝግቦ ልኮባቸዋል። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “የምትጠጣው አይርጋልህ!” ብለው ረግመውታል። በምረቃው ቀን ደግሞ ከሁለቱ ወጥ ሠሪዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ።

“በቃ? ይኸው ነው?” አልኩት አብተውን።

“ሌላ ምን ትፈልጋለህ?”

“ማስረጃ።”

“ሁለት ሬሳ አለልህ አይደል እንዴ!”

በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ከሌባም ከነፍሰ ገዳይም ይልቅ የሚያናድደኝ መልሱን በኪሱ ይዞ ጥያቄ የሚጠላ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ግን ከአብተው የባሰ ያናደደኝ ሰው ነበር፤ እሱም እኔው ነኝ። እደርስበታለሁ።

*

የጨፌ ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ናት። በረንዳዋ ላይ አፉ የተሸረፈ፣ ውስጡ አረንጓዴ ያበቀለ እንስራ ቆሞ አገኘሁ።

“አሥር አለቃ ሸምሰዲን!”

“አቤት ጓድ መቶ አለቃ!” የጣቢያው አዛዥ እሱ ነው። ደግ፣ ታዛዥ፣ ከታዘዘው በላይ አንድ ስንዝር የማያስብ ሰው።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የመጠጥ ውሃ ነው።”

“ይህን ነው እስረኛ የሚጠጣው? ሰው በመርዝ ሞተ ብላችሁ ጠርታችሁኝ እናንተ እዚህ ራሳችሁን ትመርዛላችሁ? ዛሬውኑ ንጹሕ ዕቃ ፈልግ! ሰማህ?”

“ሰምቻለሁ።”

ለራሴ ብዬ አልነበረም የጮህኩት። በአሜባ ምክንያት ሐኪም ጥሬ ውሃ ከከለከለኝ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የትም ስሄድ ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው፣ እዚያም ከዙቤይዳ ሻይ ቤት አስመጣ ነበር። ለሌላው ሰው ጤና ተቆርቋሪ ሆኜ በራሴ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሸምሰዲን ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በነጭ “ወደፊት!” የሚል የተጻፈበት ትልቅ በርሜል በጋሪ አስጭኖ መጣ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ደስ የሚል የወይራ ጢስ ሸተተኝ፤ ልጅ ሳለሁ የእናቴ የወተት ዕቃ እንዲህ ይሸት ነበር።

“ይኸውልህ፣ ሲፈለግ ይገኛል፤” አልኩት። ሸምሰዲን ፈገግ አለ።

በርሜሉ እንደተሞላ እስረኛዋን አስጠራሁ። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ዓይናቸውን የማይሰብሩ ሴት ናቸው።

“አዴ ሐጂራ፣ ዳባን ረግመውታል?”

“ኤዬ፣ ረግሜዋለሁ። ነገ ቢነሳም እረግመዋለሁ።”

“ይህን ለጓድ አብተውም ነግረዋቸዋል?”

“ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። ዱጋ ነው፣ ልጄ፤ እውነት ነው። ለምን እዋሻለሁ?”

“ሰውየው ስለሞተ ነዋ!”

“እኔ ለአላህ ከሰስኩት እንጂ አልመረዝኩትም። ወላሂ፣ ከልጄ ሌላ የማስበው ነገር የለኝም።”

ራሴን ያዝኩ። ጥፋተኛ ሰው ቢያንስ ለቃሉ ይጠነቀቃል፤ ንጹሕ ሰው ግን አንገቱን ራሱ አስረዝሞ ይሰጥሃል። ከንፈራቸው ደርቆ አየሁ። ተነስቼ በገዛ እጄ ከበርሜሉ ቀዳሁላቸው።

“ይጠጡ፣ አዴ። ንጹሕ ነው።”

አንድ ጣሳ ጠጡ። ደገምኩላቸው። “አላህ ይስጥልኝ፤” አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ ብሎ።

*

ሁለተኛዋ ወጥ ሠሪ ወርቂቱ ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ሲቀነጥሱ ነው ያገኘኋቸው።

“እትዬ ወርቂቱ፣ ሐጂራ ወደ እርስዎ ድስት ቀርበው ነበር?”

“ወደ እኔ ድስት? ምን ቆርጧት!” ጎመኑን ጣሉት። “መቶ አለቃ፣ አንተ ጅማ ነው የምትኖረው አይደል? ድግስ አይተህ አታውቅም? የእስላሙ ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። እሷ የራሷ ድስት፣ የራሷ ጭልፋ አላት፤ እኔም የራሴ። ሃያ ዓመት ጎረቤት ነን፣ ልጆቼን አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። ድስት ግን ድስት ነው፤ አትነካብኝም፣ አልነካባትም።”

“ለአፍታ ዞር ብለው ከሆነስ?”

“እኔ ዞር ብል ሰማንያ ሰው ያያል! ሐጂራ የክርስቲያኑን ድስት ከፈተች ቢባል ማሽኑን ማን ይመለከተው ነበር?”

“ወጡን ቀምሰዋል?”

“ሁለታችንም በሰው ፊት ቀምሰናል። ሳይቀመስ የሚቀርብ ምግብ የት አገር ነው?”

“የሚጠጣውስ?”

“ጠላ በሥራ ቀን ክልክል ነው ብለው ጓድ አብተው ከለከሉ። ውሃ ብቻ ነበር። ውሃ ደሞ ማን ይቀምሳል?”

የሕሙማኑን ስም ዝርዝር አወጣሁ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ ከእስላሙ ድስት፣ ስምንቱ ከክርስቲያኑ የበሉ ናቸው። ሟቹ ዳባ ከክርስቲያኑ፣ ሟቿ ሶረቲ ከእስላሙ። አንድ መርዘኛ ሁለቱን ድስት ሊደርስባቸው አይችልም። ሁለት መርዘኛ ነው እንዳይባል፣ በሰማንያ ሰው ፊት፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለቱም ቀምሰው፣ ሁለቱም ሳይታመሙ? ይህን ለአብተው ብነግረው አልታመመችም የሚለውን ብቻ መዝዞ እንደሚይዝ ታወቀኝ። ነገርኩት፤ እሱኑ ያዘ።

“አየህ? እሷ ብቻ አልታመመችም!”

“ወርቂቱም አልታመሙም።”

“እንግዲያው ወርቂቱንም እሰራት።”

*

ቀጥሎ ወደ ገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ መጋዘን ሄድኩ። የቡና ተባይ መርጫ መድኃኒት የሚቀመጠው እዚያ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ አባቦራ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁልፋቸውን እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው።

“መድኃኒት ጎድሏል?”

“አንዲት ጠብታ አልጎደለም፣ ጓድ ሻለቃ።”

“መቶ አለቃ ነኝ።”

“አላህ ያሳድግህ።”

ሦስት ቁልፍ ከፍተው አስገቡኝ። ስምንት ሙሉ በርሜሎች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አየሁ፤ ክዳናቸው እንደታሸገ ነው፣ በላያቸው ያለው አቧራ የጣት ምልክት እንኳ የለበትም። ግድግዳው ላይ በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

“ይህ ምን ይላል?”

“እንጃ ልጄ፣ እኔ አላነበውም። የእርሻ አስተማሪው መጥቶ በአፉ ነግሮናል። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ በነፋስ ፊት አትርጩ፣ ሲያልቅ ደግሞ ቆርቆሮውን…”

“እሱን ይተዉት፣ አባባ። እኔ የምጠይቅዎ ከዚህ መድኃኒት የሰረቀ ሰው አለ ወይ ብዬ ነው።”

“የለም።”

“ጨርሰናል።”

ከዚያ ለምረቃው ውሃ ወደተቀዳበት ምንጭ ወረድኩ። ምንጩ ከጥላ ሥር የሚፈልቅ፣ ጠጠሩ የሚቆጠር ነው። መንደሩ በሙሉ ከእሱ ይጠጣል፣ ማንም አልታመመም። ማስታወሻዬ ላይ “ውሃ” የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ያቺን መስመር ባየኋት ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

*

ቅዳሜ ዕለት አዲስ ፍንጭ አገኘሁ ብዬ ጅማ ድረስ ተመልሼ ሄድኩ። ማሽኑን የተከለው መካኒክ ቲጃኒ ከዳባ ጋር በምረቃው ጠዋት ሲጨቃጨቅ ታይቷል፤ ዳባ ሲወድቅ ግን አልነበረም። ከእስላሙ ድስት በልቷል፣ አልታመመም። እዚያው ጅማ መርካቶ፣ ከጨርቅ ተራ ጀርባ ካለው ጋራዡ አገኘሁት።

“ለምን አልታመምክም?”

ከመኪና ሥር በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ። “ይቅርታ፣ ባለመታመሜ ልታሰር ነው?”

“ከዳባ ጋር ምን አጣላህ?”

“ቀበቶው ነዋ! የማሽኑ ቀበቶ መሸፈኛ የለውም። የሰው ነጠላ ቢስብ ሰውዬውን ጠቅልሎ ነው የሚያስገባው። ቆርቆሮ ስጡኝና ልሸፍነው ብል፣ እንግዶች ማሽኑ ሲሽከረከር ማየት ይፈልጋሉ፣ ከምረቃው በኋላ ይደረጋል አለኝ። እኔም በላሁና ትቼው መጣሁ። ሰው ሲቆራረጥ ቆሜ አላይም።”

“ምን በላህ?”

“ወጥ። ሦስት ጊዜ።”

“ምን ጠጣህ?”

“የራሴ ኮዳ አለኝ። ማሽን አጠገብ የሚቀርብ ውሃ ሁሌ ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል።”

ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ ለአንድ ጭቅጭቃም መካኒክ ብዬ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር አቧራ ጠጥቼ መምጣቴ አንገብግቦኝ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መልሱ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር!

እሑድ ጠዋት ጨፌ ቡሬ ስመለስ ዘበኛው ፖሊስ መሐሙድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ምራቁን ደጋግሞ ይተፋል፣ በብርዱ ያልበዋል።

“ምን ሆነሃል?”

“ራሴን ያመኛል፣ ጓድ መቶ አለቃ። ምራቄም አልቆም አለኝ።”

“ጫትህን ቀንስ!” አልኩትና አለፍኩ።

*

አርብ ዕለት ከሁለቱ ድስት የተረፈውን ሥጋ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ደብዳቤ ጨምሬ፣ ጅማ ወዳለው የጤና ኮሌጅ በአውቶቡስ ልኬ ነበር። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ከአጋሮ በመጣ መኪና አንዲት ብርቱካንማ ሹራብ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ወረዱ። ያን ላስቲክ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ይዘዋል።

“መቶ አለቃ ከፈለ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ።”

“ይህን ሥጋ የላኩልኝ እርስዎ ነዎት? በዚህ ፀሐይ፣ በላስቲክ፣ በዶሮና በሽንኩርት መካከል?”

“ለምርመራ ነው።”

“መንበረ እባላለሁ። ኮሌጁ ውስጥ የአካባቢ ጤና አስተምራለሁ። ደብዳቤዎ ‘መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ይገለጽልን’ ይላል። እኛ ዘንድ መርዝ የሚለይ መሣሪያ የለም።”

“ታዲያ ለምን መጡ?”

“እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ብቻውን መተው አደገኛ ነው ብዬ።”

ሴትዮዋ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ላስቲኩን ከጓሮ ቀበሩና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“መንገዴን በአጋሮ አድርጌ ሕሙማኑን አይቻለሁ፤” አሉ። “የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፣ ይልባቸዋል፣ ምራቃቸው ይወርዳል። ይህ የተባይ መርጫ ነው።”

“መርጫው አልተነካም! ስምንቱንም በርሜል በዓይኔ አይቻለሁ።”

“እኔ ተማሪዎቼን ወደ ገጠር ስልክ አራት ነገር ጠይቁ እላለሁ። ጎጂው ነገር ምንድን ነው? በየት አድርጎ ሰው ጋ ደረሰ? ማን ጋ ደረሰ? ምን ያህል? እርስዎ ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቁት አንድ ብቻ ነው፦ ማን ማንን ይጠላል?”

“እኔ የምመረምረው ወንጀል ነው፣ ወይዘሮ መንበረ!”

“ይመርምሩ። መርዙ ግን የሚጠላውን ሰው መርጦ አልገባም። እስላሙም ክርስቲያኑም ታሟል።” ደብተራቸውን ገለጡ። “ሁሉንም ምን እንደበሉ ሳይሆን ውሃ መቼ እንደጠጡ ጠየቅኋቸው። ከጅማ የመጡት የክብር እንግዶች ቀድመው ጠጡ፣ ማንም አልታመመም። የታመሙት በሙሉ የጠጡት ከንግግሩ በኋላ፣ ውሃው ወደ ማለቁ ሲል ነው። ሊቀመንበሩ ተናግሮ ደርቆ መጥቶ ከሥር አስቀድቶ ጠጣ። ያቺ ዕቃ አጣቢ ሁሉም ካለቀ በኋላ እንጥፍጣፊውን ጠጣች። ለምንድን ነው ከላይ ያለው ደኅና፣ ከታች ያለው ገዳይ የሚሆነው?”

“ውሃውን አጣርቻለሁ። ምንጩ ንጹሕ ነው።”

“ምንጩንማ አዩ። ከምንጩ እስከ ሰው አፍ ያለውን መንገድስ? በምን ነበር የቀረበው?”

ማስታወሻዬን አውጥቼ ገለጥኩ።

በዚሁ መሐል መሐሙድ ከእስረኛ ክፍል ጮኸ። “አዴ ሐጂራ ወድቀዋል! ኑ! ማሎ፣ እባካችሁ ኑ!”

ሮጠን ገባን። ሐጂራ መሬት ላይ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ፣ ከአፋቸው ምራቅ ይወርዳል። አብተውም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በሩ ላይ ቆሟል።

“ይኸው!” አለ። “ነገ እንደምትወሰድ ስታውቅ የደበቀችውን መርዝ ጠጣች። ከዚህ በላይ ማስረጃ አለ?”

እውነቱን ልናገር። ለአፍታ እኔም አመንኩት። “አዴ፣ ምን ዋጡ? የት ደበቁት?” ብዬ ጮህኩባቸው። በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሴት ላይ!

መንበረ ተንበርክከው የዓይናቸውን ቆብ ገለጡ። የመርፌ ቀዳዳ። ቀና ብለው መሐሙድን አዩት፤ የእሱንም ገለጡ። ያው ነው።

“ምን በልተዋል?”

“ከቤታቸው የመጣ ቂጣ፤” አለ መሐሙድ። “እኔም ቆርሻለሁ።”

“ምን ጠጣችሁ?”

አንገቴን ወደ በረንዳው አዞርኩ። ቀዩ በርሜል ቆሟል። “ወደፊት!” ይላል።

“ሸምሰዲን፤” አልኩ። “ይህን በርሜል ከየት ነው ያመጣኸው?”

“ከምረቃው ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። የእንግዶቹ ውሃ የነበረበት ነው። ንጹሕ ፈልግ አላሉኝም? ታጥቦ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር።”

“ለምን አልነገርከኝም!”

“አልጠየቁኝም።”

ሦስት ቀን ሙሉ አገር ለአገር የዞርኩለት ነገር ከወንበሬ አራት እርምጃ ላይ ነበር። ከእሱም በገዛ እጄ፣ ንጹሕ ነው እያልኩ፣ ተጠርጣሪዬን አጠጥቻለሁ።

መንበረ የማርከሻው መርፌ አጋሮ አለ አሉ። የአብተው ላንድሮቨር በር ላይ ቆማለች።

“የመንግሥት መኪና ለነፍሰ ገዳይ…” ብሎ ጀመረ።

ቁልፉን ከእጁ ነጠቅሁ። ሐጂራንና መሐሙድን ከኋላ አስገብተን መንበረና ሸምሰዲን ይዘዋቸው በረሩ።

*

በርሜሉን በረንዳው ላይ ገለበጥኩት። ውሃው ወርዶ ሲያልቅ፣ ከታች ቆርቆሮው ከተጣጠፈበት ስፌት ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ነገር ቀስ እያለ ተንጠባጠበ። በኪስ ቢላዬ ቀዩን ቀለም ፋቅሁት። ከሥሩ የራስ ቅልና የአጥንት ጥቁር ሥዕል ወጣ፤ የመርዝ ምልክት።

አባቦራ ተጠርተው መጥተው ሲያዩት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

“ባዶ ነበር እኮ፣ ልጄ! አንተ የጠየቅኸኝ መድኃኒት ጎድሏል ወይ ብለህ ነው። ይህ ባዶ ነው! ያ ረቢ፣ ሦስት ጊዜ በአሸዋና በአመድ አሸሁት። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በወይራ አጠንኩት። አፍንጫዬን ከትቼ አሸተትኩ፤ ምንም የለውም። ሽታው ከጠፋ ጠፋ ማለት አይደለም እንዴ?”

እኔም አሽትቼው የለ? ወይራ የሸተተን ዕቃ ንጹሕ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ወተቱ፣ እርጎው፣ ሁሉም የሚቀመጠው በታጠነ ዕቃ ነው። ጢሱ ሽታውን ብቻ እንደሸፈነው፣ መርዙ ስፌቱ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ እንደሚጠብቅ ለአፍንጫችን ማን ይንገረው?

“የእርሻ አስተማሪው ስለ ባዶው በርሜል ምን ብሏችሁ ነበር?”

ሽማግሌው አቀረቀሩ። “ብሱትና ቅበሩት ብሏል። እንዲህ ያለ ያማረ በርሜል እንዴት ይበሳል? ሴቶቻችን በእንስራ ወገባቸው እየጎበጠ… አርብ ዕለት ልነግርህ ስጀምር ደግሞ ይተዉት አልከኝ።”

ብያለሁ። ቃል በቃል።

“ለምረቃው ይምጣ ያለውስ ማን ነው?”

አብተው ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዳ በእንስራ ይቀበላል እንዴ? የኋላ ቀርነት ምልክት ነው። አዲስ ማሽን እየተመረቀ! ቀለም እንዲቀባ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ፤ ለማሳመር ነው።”

*

ከሰዓት በኋላ አብተው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛዬን በጣቱ ይመታ ጀመር።

“ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ስም ያስፈልጋቸዋል። ሐጂራ ካልሆነች አባቦራ ይሁን። በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር ሠራ ብለህ ጻፍ።”

“እየጻፍኩ ነው።” ወረቀቱን ወደ እሱ አዞርኩለት። አባቦራ፣ ሳይበሳ አጥቦ አወጣ። አብተው፣ ምልክቱን በቀለም አስሸፍኖ ለድግስ አስቀረበ። ሸምሰዲን፣ ሳይናገር ወደ ጣቢያ አመጣ። ከፈለ፣ ንጹሕ ዕቃ ይምጣ ብሎ አዘዘ፣ ምክር ሊሰጡት የሞከሩትን አቋረጠ፣ እስረኛን በእጁ አጠጣ።

“ራስህን ጻፍክ?” አለ ፊቱ ደም መስሎ። “የእኔን ስም ግን ዛሬውኑ ታወጣለህ! አለዚያ ነገ የሚሳፈረው ሰው አንተ ትሆናለህ!”

“ጥሩ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንጨርስ። አባቦራ ሰባት ባዶ በርሜል አውጥቻለሁ ብለዋል። አንዱ እዚህ ተገልብጧል። ሁለቱ ትምህርት ቤት ነበሩ፣ አስፈስሻቸዋለሁ። ሦስቱን ከየሰዉ ቤት ሰብስቤያለሁ። ስድስት ሆኑ። ሰባተኛውን ማን እንደወሰደው አላስታውስም አሉ። የት እንደሆነ ታውቃለህ?”

ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቆመ።

“እኔ ቤት፤” አለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ “ልጆቼ…” አለ።

ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሮጠ። ተከትዬው ሮጥኩ። ቤቱ ስንደርስ በርሜሉ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ዝናብ እየጠበቀ ቆሟል፤ ኅዳር ነውና ዝናብ የለም፣ ውስጡ ደርቆ አቧራ ይዟል። ሦስት ልጆች በዙሪያው ድብብቆሽ ይጫወታሉ። አብተው ዶማ አንስቶ በርሜሉን ወጋው። ደግሞ ወጋው። ሚስቱ ምን ሆንክ ብላ ስትጮህ፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ፣ ወንፊት እስኪሆን ድረስ ወጋው። ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት ከጅማ ሰዎቹ መጡ። የተቀበላቸው አብተው ነው። “አደጋ ነው፣ ወንጀለኛ የለም፤” አላቸው። ስሙን ከወረቀቱ አላስወጣኝም፤ ወረቀቱን ግን ማንም አላነበበውም። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዳባና ሶረቲ ተቀብረዋል፤ ቲጃኒም ተጠርቶ መጥቶ ቀበቶውን ሸፈነ።

*

ማክሰኞ አጋሮ ሄድኩ። መሐሙድ ተነስቶ ይዞራል። ሐጂራ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ መንበረ አጠገባቸው ሆነው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ሲያዩኝ ተነስተው ወጡ።

“አዴ፣ ነፃ ነዎት። ወደ ቤትዎ ልወስድዎት ነው የመጣሁት።”

“ልጄ ይመለሳል?”

“እሱን አላውቅም።”

“ዱጋ ተናገርክ፤” አሉ። ደረቅ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አራሱ።

ከመምጣቴ በፊት ወደ ምንጩ ወርጄ በራሳቸው ቤት ቅል ውሃ ቀድቼ ነበር። ጎረቤታቸው ወርቂቱ ናቸው ቅሉን ያቀበሉኝ። ክዳኑን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው።

“ይጠጡ፣ አዴ። ንጹሕ…”

አዩኝ።

“አርብ ዕለትም ንጹሕ ነው ብለኸኝ ነበር።”

“ብዬ ነበር።”

“ቅመስ።”

ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሬ ውሃ በአፌ አልዞረም። ከቅሉ መዳፌ ላይ አፈሰስኩና በፊታቸው ጠጣሁ። ደግሜ አፈሰስኩ፣ ደግሜ ጠጣሁ። ፊቴን እያዩ ብዙ ጠበቁ። እኔም ቅሉን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።